አሥራ አንድ ሳንቃ

ከላቀው ፎቶ ኮፒ ጓዳ፣ ከወረቀት ካርቶን ሥር፣
አምስት ዓመት ኖራለች ዓለማችን፣ ባሮጌ ማሽን ስታድር።
ከበላይዋ የመንዝ ባና፣ አቧራ እንዳይገባት፣
ከጎኗ የደብረ ብርሃን ቁር፣ በመስኮት ስንጥቅ ሲጎበኛት።
ማራገቢያ መግዛት አላስፈለገንም፤
ብርድ ጠላት ነው ያለ ሰው
ሰርቨር አሳድሮ አያውቅም።

አሁን ግን ላቀው ቤቱን ሊለቅ ነው፣ አከራዩ ጨመረበት።
እሷም ደክማለች፤ አምስት ሰው ሲገባ ታቃስታለች፣
ስድስተኛው ሲመጣ በሬው አየር ላይ ይቆማል፣
የቆረጥነው ዛፍ ተመልሶ ይበቅላል።

አዋጣን።
አብነት ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከሌሊት ፈረቃው፣
ሰናይት ከጸጉር ቤቷ፣ እኔ ለጫማ ካሰብኩት።
ወር በወር የሚከፈልበት ማሽን ተከራየን፣
ሌላ ሥራ የሌለው፣ ለኛ ብቻ የተሰጠ።
«የት አገር ነው ያለው?» አለችኝ እናቴ።
«እንጃ።»
«ሰፈሩን ሳታውቅ ቤት ትከራያለህ?»

ጓዝ ጠቀለልን። ምን አለን?
የጣርማ በርን አስመስለን የፈለፈልነው ዋሻ፣
የአብነት ጋጣ፣ በሩን ረስቶት
በጎቹ ሁለት መቶ የደረሱበት፣
እየሳቅን ያቃጠልነው ድልድይ፣
እና ምንታምር።

ምንታምር ከገደሉ አፋፍ ቆማ ነው የወጣችው፤
«ቆይ መጣሁ፣ ሰው ጠራኝ» እንዳለች።
ሦስት ዓመቷ። ሸዋ ሮቢት ፋርማሲ ውስጥ ናት ይላሉ።
ብንገባ አናያትም፣ ማሽኑ ግን ያውቃታል፦
የቆመችበትን ድንጋይ፣ ፊቷን ያዞረችበትን፣
በእጇ የያዘችውን ችቦ።
ተመልሳ አንዲት እርምጃ ብትስት
ጉም ነው፤ ከጉሙ በታች ደግሞ አልቆፈርንም።

ቅዳሜ ማታ ጀመርን። ጭነቱ አራት ጊጋ፣
መስመሩ እንደ በሬሳ ወንዝ፣ እንደ በሬሳ በበጋ።
ስልሳ አንድ ከመቶ ሲል መብራት ሄደ።
ሻማ አልነበረንም። አብነት በጨለማው
«ግማሿ ሄዳ ግማሿ ብትቀርስ?» አለ፣
ማናችንም አልሳቅንም።

መብራት መጣ፤ ካቆመበት ቀጠለ።
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል ሞላ።
አብነት ካርቶን ላይ ተኝቷል። አዲሱን ከፈትኩ፦
በሬው ይራመዳል፣ የተቆረጠው ዛፍ በዚያው ይወድቃል፣
ሁሉም አለ፤ ሰው ግን የለም፤
አዲስ ቤት ቀድሞ እንደገባ ሰው
ድምፄን ለመስማት ሳልኩ።

አሮጌዋን ልዘጋ ስል አየሁት፣
አንድ ስም ይበራል፦ ኪሩቤል።
አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የነገረው የለም።
ሊፈርስ የተቆረጠለትን ቤት
ሌሊቱን ሙሉ ይመርጋል።
«ምን ትሠራለህ በዚህ ሰዓት?» ብዬ ጻፍኩለት።
«አጥር። ምንታምር ብትመለስ እንዳትወድቅ።»

መቅዳት ከጀመርን ወዲህ የተከለው ሳንቃ ነው፤
እዚህ ያለ፣ እዚያ የሌለ።
እንዲህ ያለውን ሌሊት የሚጭን መኪና የለም።
ልነግረው ጀመርኩ፣ አጠፋሁት።
«ጨረስኩ» አለ። ስሙ ጠፋ።
ያኔ ዘጋኋት። ረጅም ተነፈሰችና ዝም አለች።
ባናውን ከላይዋ አነሣሁ፤
ከሥሩ ገና ይሞቅ ነበር።

ከዚያ በአዲሱ ዓለም፣ በእግሬ፣ እስከ ገደሉ።
ዛፍ ቆርጬ፣ ሳንቃ ፈልጬ፣
ሰው ሳይነቃ በሌለችበት ዙሪያ ደረደርኩ፣
ሠራሁ አልልም፣ ሰረቅሁ ይሻላል።

እሑድ ከሰዓት ኪሩቤል ገባ። አንዴ ዞረው። ሁለቴ።
«ይሄ የኔ አይደለም።»
«በምን አወቅህ?»
«የኔ አሥራ አንድ ነበር። ይሄ አሥራ ሁለት ነው።
ዙሪያውን ዘግተህባት
በየት በኩል ትውጣ?»

አሥራ ሁለተኛውን ነቀልኩ።