የመሿለኪያ ቆጠራ

ሦስት ሌሊት ቀጠሩኝ ለመኪና ቆጠራ፣
መሿለኪያ አፋፍ ላይ፣ ከጎሚስታው ተራ።
አንድ የላስቲክ ወንበር፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣
አንድ እርሳስ፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ ሰው ቆጣሪ።
ቀላል። መካከለኛ። ከባድ። ባለ ተሳቢ።
ሌላው አይመለከትህ፤ አትሁን አሳቢ።

አራት ጭረት ቁልቁል፣ አምስተኛው አግድም፤
አጥር አጠርሁ በወረቀት፣ መኪናውን ግን አያግድም።

ለዚህ ቦታ ስም ያወጣ፣ ነፍሱን ይማረው፣
አህያና ሰው ነው ሲሿለክ ያየው፤
ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ፣ «ይቅርታ» የሚል ሰው።
ዛሬ ባለ ሃያ ሁለት ጎማ
ብረት ጭኖ ይሿለካል በተኛችው ከተማ።
ግመል በመርፌ ቀዳዳ ያልፍ ይሆናል፤
መርፌዋን ግን ማን ጠይቋታል?

ጎሚስታው ሸምሱ ከጎማ ክምሩ ላይ ሆኖ ይስቃል፤
«ጻፍ እንጂ! መንገዱ ይስፋ፣ ይለስልስ፣ ማን ይጠላል?
ጉድጓድና ሚስማር ሲያልቅ ግን፣ የኔ ልጅ በምን ይማራል?»

በሁለተኛው ሌሊት እትዬ የውብዳር ነጠላ ደርበው ወጡ፤
የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ናቸው፤ ከአጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።
«አንተ ትናንት ጀመርህ፤ እኔ አምስት ዓመት ቆጠርሁ።
ሁለት መቶ አርባ ብርጭቆ በፊርማዬ ተረከብሁ፤
ዛሬ ማታ መቶ ሰማንያ ሦስት አደረስሁ።
ከባዱ ሲያልፍ ግድግዳው ይተነፍሳል፣
መደርደሪያው ጥርሱን ያፋጫል፣
ብርጭቆ ከብርጭቆ ይንሾካሾካል፤
ከዚያ አንዱ ይወድቃል።
ድንኳን ተጥሎ ለቀስተኛውን ውኃ ሲጠማው
የሚነሣው የኔ ስም ነው፤ ሲኖትራኩን ማን አማው?»

በማግሥቱ ኢንጂነር ብሥራት መጣ፤
ካርታውን ኮፈን ላይ ዘርግቶ፣ ጥጉን በስልኩ ተጫነ።
«የፋብሪካው ጭነት በየዓመቱ ያድጋል፤
መንገዱ እንደ ልጅነቱ ይቀራል?»
ልክ ነው። ሐሰት አልነበረበትም።
ሠላሳ ሜትር ስፋት። አንድ ቀይ መስመር፤
የሸምሱን ጎማ ውጦ፣ የእድሩን መጋዘን ገምሶ፣
ከድሮው ሐዲድ ጥግ ያርፋል፣ ታጥፎ፣ ተመልሶ።

እትዬ የውብዳር መነጽራቸውን አድርገው አዩት።
«ወዴት ልሂድ?» አላሉም።
«ካሳው ስንት ነው?» አላሉም።
«ምን ጭኖ ነው» አሉ፣ «ያ ሁሉ መኪና?»
ኢንጂነሩ እኔን አየኝ፤ እኔ ቅጹን አየሁ፤ ቅጹ ዝም ነውና።

ሦስተኛው ሌሊት። ሰልፉ ሲቆም ባትሪዬን ይዤ ወረድሁ፤
«ምን ጭነሃል? ምን ጭነሃል?» እያልሁ።
ሲሚንቶ። የፉርኖ ዱቄት። ካልሲ፣ ሰባት ሺህ ጥንድ።
ባዶ። ባዶ። ብረት፣ ወፍራም እንደ ግንድ።
ሁመድ የሚሉት ሹፌር፣ ዓይኑ የቀላ፣
ፋብሪካው ደጅ ሁለት ቀን ተራ ሲጠብቅ ያደረ፣
መልስ ከሚሰጠኝ ብሎ ሸራውን ገለጠ፤
ብርጭቆ ነበር።
በካርቶን ተኝቶ፣ በሺህ የሚቆጠር፣
ሞተሩ እየነዘረው ውስጥ ለውስጥ የሚያወራ፣
ወደ መርካቶ የሚሄድ።

ያኔ ገባኝ የመደርደሪያው ሹክሹክታ፤
እህት በደጅ ስታልፍ፣ የእህቷ ሰላምታ።

«ቆጣሪው» አለኝ ሁመድ፣ ሸራውን እየመለሰ፣
«መንገዱን ስታሰፉት መቆሚያም አስቡበት።
መሄጃዬ ለሁሉም ያሳስበዋል፤
እኔ ለማዛጋት እንኳ ጥግ የለኝም።»

አምስተኛ ዓምድ አሰመርሁ፣ በእጄ፣ ጠማማ።
ራስጌው ላይ «መቆሚያ» አልሁ፤
ከሥሩ «ብርጭቆ»፤
ከሥሩ፣ ቦታ ስላነሰኝ አጥብቤ፣ «ሸምሱ»።

ሊነጋ ሲል ኢንጂነሩ ቅጹን ተቀበለኝ።
ድምሩን አየ። ከዚያ ጠርዙን።
«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»
ላጲስ ከኪሱ አወጣ፤ በጣቶቹ መሀል አገላበጠው።

የመጨረሻው ከባድ አለፈ።
ከግድግዳው ወዲያ፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ፤
«መቶ ሰማንያ ሁለት» አሉ እትዬ የውብዳር፣ ከውስጥ።