የደፍ ልክ

ትብሊሲ ውስጥ ናት ሰፈሬ፣ ስሟ ሶሎላኪ፤
ለእግረኛ ደግ አስተናጋጅ፣ ለጎማ ነገር ነካኪ።
ሰው ቀና ብሎ ያያታል፤ ሰገነቷን፣
እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ እንጨቷን፤
እኔ የማውቀው ታችኛውን ፊቷን፦
ልስኑ የረገፈውን፣ እርጥበት የጠጣ ጡቧን፣
የምድር ቤት መስኮት ላይ የተኛች ድመቷን፣
ጭቃ መፋቂያ ብረቷን፣ በር ሥር የተተከለች፣
ፈረስ በነበረ ዘመን ጫማ ስትልስ የኖረች።
ዛሬ ማንም አያያትም። እኔና እሷ እንተያያለን፤
በቁመት እኩያሞች ነን።

በኪሴ ሜትር አለ። ልብስ ሰፊ ነበር አባቴ፤
እሱ የሰው ትከሻ፣ እኔ የሰፈር ወገብ፣ ከቤቴ እስከ ቤቴ።
ዳቦ ቤቱ፦ አንድ ደፍ፣ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር፤ በግፊት ይወጣል።
ፋርማሲው፦ አራት ደረጃ፤ የታመመ ሰው ዘሎ ይገባል።
ሙዚየሙ፦ መወጣጫ አለው፤ ቁልፉ ከዘበኛው ጋር፣
ዘበኛው ከአማቱ ጋር፣ አማቱ ከወንዝ ማዶ መንደር።

በዳገቱ ክንዴ ይግላል፣ በቁልቁለቱ ጓንቴ፤
የድንጋዩ ንጣፍ ሲያንገጫግጨኝ ይቆጠራል አጥንቴ።
«ታሪክ ነው፣ አይነካም» ይላሉ። ልክ ነው፣ ታሪክ ይከበር፤
ትናንት ለቧንቧ ሲቆፍሩት ግን ታሪክ የት ነበር?

ደግሞ ሳይጠይቅ የሚገፋ አለ፣ ከኋላ የሚመጣ፣
«አይዞህ፣ አይዞህ» እያለ ካሰብኩበት የሚያወጣ።
እጀታዬ ትከሻዬ ነው፤ ትከሻ አይጨበጥም ሳያስፈቅዱ።
ስንት ደግ ሰው አየሁ፣ ፍሬን የሌለው፣ ቁልቁል የሆነ መንገዱ!

በጓሮው ግቢ ዶሚኖ የሚጥሉ ሽማግሌዎች አሉ፤
«አንተ መቼም ወንበርህን ይዘህ ነው የምትመጣ» ይላሉ።
ቀልዱ አርጅቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ፣ ግን እንስቃለን ሁላችን።
የተሰጣው አንሶላ የእነሱን ባርኔጣ ይጥላል፤ እኔን
እንደ ድንኳን ጥላ ከላዬ ያልፈኛል፣ ሳይነካኝ።

የቤት ቁጥር አሥራ ሰባት። የትንባሆ ነጋዴ ኖሮበታል፤
ወለሉ ላይ በጠጠር፣ በላቲን፣ «ሳልቬ» ተጽፎበታል።
«እንኳን ደህና መጣህ» ማለት ነው፤
ሰላምታውን ያኖሩት ግን ከሦስት ደረጃ በላይ ነው።
ጣሪያው ሥዕል አለው ሲሉ ስድስት ዓመት ሰማሁ፤
ወፍ አለ፣ ሮማን አለ፤ ስድስት ዓመት በጆሮዬ አየሁ።

ቅዳሜ ነበር። ኤቴሪ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣
ዳቦዋን በገመድና በቅርጫት የምትስበው፣
«ምንድን ነው ሁልጊዜ የምትለካው?» አለችኝ ከላይ ሆና።
«የማልገባበትን» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ወረደችና
የመኝታ ቤቷን መስታወት፣ ክፈፉ የተላጠ፣
ከጋጋሪው ከላሻ ጋር ተሸክመው፣ ላቡ በግንባሩ ያጠጠ፣
ደፉ ላይ አስደገፉት፣ ወደ ላይ የፈጠጠ።
«ትንሽ ወደ ግራ» አልኩ። «አዘንብሉት» አልኩ።

ጣሪያው ወረደልኝ። ወፉ ተገልብጦ መጣ፣
አንድ ዓይኑን ዝናብ የበላው፣ ሰማያዊ ክንፉ የነጣ፤
ሮማኑ አፉን ከፍቷል፤ ጥጉ ላይ ግን ሠዓሊው ሰነፈ፣
አንዱን ቅጠል ሳይቀባ፣ በእርሳስ ብቻ አለፈ።
«ይህን አይቼው አላውቅም» አለች ኤቴሪ፣
አርባ ዓመት በሥሩ ያለፈች፣ የቤቱ ኗሪ።

ሳቅን። መስታወቱ ከበዳቸው፤ ላሻ፣ ዳቦው ሊያር ነው፣ አለ።
ወፉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደረጃው እዚያው አለ።

ደብተሬን አወጣሁ። ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ሦስት ደረጃ፣
አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፤ መያዣ የለውም ለእጅ።
ከሥሩ ጻፍኩ፦ ጣሪያው ታይቷል። አንድ ቅጠል ይቀረዋል።
በሩ ሳንቃ ይፈልጋል። ስድስት ሜትር ይበቃዋል።