ጠባቧ ትኬት

ስድስት ኪሎ፣ ከሜዳው ዳር፣ ከሲሚንቶው ደረጃ ላይ፣
እኔና ተማም ልንለይ፣ ከኮሌጅ አሰልጣኝ ማን የበላይ።

«አንደኛ ኩምሳ ነው፤ አራት ዋንጫ አለው።»
«ረጃጅሙን ሰብስቦ ማን የማያሸንፈው!»
«አጥናፉስ? ፉጨቱ አራት ኪሎ ይሰማል፣
አንድ ኳስ ብትስትበት ኮፍያውን ይረግጣል።»

ጻፍን፤ ሰረዝን፤ በአውቶቡስ ትኬት ጀርባ፣
አምስት ስም ያዘች፣ የእኛው ጋሽ ዘርይሁን ሳይገባ።
«ጠባብ ናት» አለ ተማም፣ ወደ ሜዳው ሳያይ።

ጋሽ ዘርይሁን ከታች፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣
ዘንድሮ ዘጠኝ ጊዜ የተረታ ሰው፣
የሌሊቱን ዝናብ ከቅርጫቱ ሥር በመጥረጊያ እየገፋ፣
ቀና ብሎ፦
«አንተ ተማም፣ ጉልበትህ ዳነልህ ወይ?»

«ደህና ነው ጋሼ» አለ ተማም፤
ትኬቷን ካልሲው ውስጥ ሸጎጣት።