ካፖርት ተቀባይዋ

ሪጋ ላይ በታኅሣሥ ቀን ዕድሜው አጭር ነው፣
አሥር ሰዓት ሲሆን የሚያበራው አምፖል ነው።
ተመልካች ይገባል በረዶ እያራገፈ፣
ከቲያትሩ ደጃፍ እየተሰለፈ፤
ከባንኮኒው ወዲያ፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ፣
ስካይድሪቴ አለች፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት በሁለት እግር ቆማ።

ካፖርት ትቀበላለች፣ ቁጥር ትሰጣለች፣
ደግማ ትቀበላለች፣ ደግማ ትሰቅላለች።
የሱፍ፣ የቆዳ፣ የላባ፣ የበግ ለምድ፤
ለብሰውት ሲሄዱ አይታወቅም እንጂ
አውልቀው ሲሰጡት ነው ካፖርት የሚከብድ።

እኔ ወለል ጠራጊ ነኝ። ጭብጨባው ሲያበቃ
ያኔ ነው ባልዲዬ ከእንቅልፉ የሚነቃ።
አንቱታ አትወድም፤ «ደመወዝ የሚበላ ሰው
ገና ልጅ ነው» ትላለች፤ አንቺ ነው የምላት።
በተሰባበረው ቋንቋዬ አንድ ማታ ጠየቅኳት፦
«መቼ ነው የምታርፊ?»

«ጡረታዬ» አለች «ወሩ ባሥር ይመጣል፤
የማሞቂያው ሂሳብ ቀድሞ ይጠብቀዋል።
ደጄ ላይ ተገናኝተው ይሳሳማሉ፣
ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ተቃቅፈው ይሄዳሉ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሬዲዮ ፋብሪካ ሽቦ ስትበይድ ኖራ
አገር ተገለበጠ፤
በሩም ተዘጋ፣ መዝገቡም ተሰወረ፣
ሠላሳ አንዱ ዓመት፣ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ፣
አሥራ አራት ሆኖ ቀረ።
አሥራ ሰባቱ የት ገባ?
«ሬዲዮው ውስጥ» ትላለች፤
«ያኔ የሠራነውን ዛሬ የከፈተ ሰው
ይሰማው ይሆናል።»

ኢልጋ አለች ደግሞ፣ ወንበር የምታሳይ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤
ባትሪ ይዛ ስትወርድ
ጨለማው ውስጥ ይሰማል ሲንቋቋ ጉልበቷ።
አርቪድስ ከላይ ነው፣ መጋረጃ ሳቢ፤
ትንፋሹ ሲያጥርበት ትዕይንቱ ይረዝማል፣
ተመልካቹ ግን ጥበብ ነው ይላል።

በኛ ቋንቋ፣ አልኳት፣ የጡረታ ሥሩ መጦር ነው፤
ያረጀን ማጉረስ፣ የደከመን መደገፍ።
ስንመርቅም «ጧሪ ቀባሪ ይስጥሽ» እንላለን።
አሰበች። አንድ ካፖርት ሰቀለች።
«የኔ ተገላቢጦሽ ነው። ጡረታዬን እኔ እጦረዋለሁ፤
አቅም የለውም፣ ብቻውን ወሩን አይዘልቅም።
ለቀባሪው ደግሞ ገና እያጠራቀምኩ ነው።»

የኔን ዕድሜ ጠየቀች። መቼ እንደማርፍ በጣቷ ቆጠረች፤
ስልሳ አምስት፣ ስልሳ ሰባት፣ ምናልባትም ሰባ…
ጣት አለቀባት፤
የኔን ተበደረች።

የካቲት፣ አንድ ሌሊት።
መድረኩ ላይ ንጉሥ ሞቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ተነሥቶ እጅ ነሥቶ፣
ሰው ሁሉ በየቁጥሩ ካፖርቱን ወስዶ ወጣ።
አንድ ብቻ ቀረ፦ ግራጫ፣ ክርኑ የተጣፈ፣ ቁጥር የሌለው።
«ባለቤቱ ይመጣል» አለች፤
«በዚህ ብርድ ያለ ካፖርት የሚሄድ የለም።»
ጠበቀች።
ወለሉን እስከ እግሯ ድረስ ወለወልኩ።
የመጨረሻው ትራም ደወሉን ደውሎ ሄደ።
ቀና ስል፣ በሹራብ ብቻ ቆማለች።

ምን ይባላል?
ከባንኮኒው ወዲያ ዞሬ ካፖርቱን አወረድኩ፣
እሷ ለሰው እንደምታደርገው በትከሻው ይዤ ዘረጋሁላት።
እጆቿን ወደ ኋላ ሰደደች፤
አንደኛው ቶሎ ገባ፣ ሁለተኛው እጅጌውን ፈልጎ አገኘው።
ኪሷን ዳበሰች፤ የሳል ከረሜላ፣ የቤቷ ቁልፍ።
ዝም አለች ትንሽ። ከዚያ ሳቀች፦
«ባለቤቱ ዘገየ።»

ወጣች። ባልደረቀው ወለል ላይ
ዱካዋ እስከ በሩ።
ቆሜ አየሁት።
ሥራዬ ነውና ወለወልኩት።