ጨው ቀንሺ

በግድግዳው ላይ በእጄ ለጥፌ፣
"ጨው ቀንሺ" የሚል በቀይ ጽፌ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ለነፍሰ ጡር ሁሉ፣
እንደ ጸሎት ደገምኩ፣ ሳይዛነፍ ቃሉ።

ዳኮፕ ነው አገሩ። ሺብሳ ወንዝ ከመስኮቴ ሥር ያልፋል፤
ድሮ እሱ ነበር ወደ ባሕር የሚወርድ፤
ዛሬ በበጋ ባሕሩ ወደኛ ይጎርፋል።
ሩዝ በነበረበት ሽሪምፕ ይረባበታል፤
ዳክዬ እንኳ ኩሬውን ቀምሶ ይተፋበታል።
"ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" ይላል የሰው ተረት፤
እኛን ግን እያጣፈጠ ነው የወሰደን፣
በየጉንጩ፣ ዕለት በዕለት።

ሞርጂና መጣች በሚያዝያ ማታ፣
በሪክሾ ጋሪ ላይ እግሯን ዘርግታ።
ሰባት ወሯ። ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ብጫነው
ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፤ እንደ ቦካ ሊጥ ነው።
ግፊቷ መቶ ስድሳ በመቶ አሥር።
ተቆጣሁ። ነርስ ስትደክም ቁጣ ይቀድማታል፦
"ስንቴ ልንገርሽ? ጨው ይገድልሻል!"
ቆየችና፣ ከጉያዋ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች፤
"ሲስተር፣ ጨው ከገዛሁ ሁለት ዓመቴ ነው" አለች።
"ሩዙ ራሱን ያጣፍጣል። እንኪ፣ ቅመሺው።"

ቀመስኩት።
ለብ ያለ፣ እንባ የመሰለ።
የአሥራ አንድ ዓመት ምክሬ ምላሴ ላይ ሟሟ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርሷ ገጠመ፤
አልጋው ተንቀጠቀጠ፣ ፊቷ ጨለመ።
"ማግኒዥየም!" አለች ሲስተር ሸፋሊ። ብልቃጡን ሰበርኩ።
እሱም ጨው ነው እኮ፤
ጨው ለጣላት ሴት ጨው ስወጋ አደርኩ።
እሷ ተረፈች። ልጇ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ፤
በጥጥ ጠቅልለን ሰደድናት ወደ ኩልና፣ ሞተር ጀልባ መጥቶ።
እስከ ዛሬ ወሬዋን አልሰማሁም።

በማግሥቱ ሸፋሊ መዝገቡን ዘረጋች፣
በዕድሜና በግፊት መሃል በማስመሪያ አንድ መስመር አሰመረች፣
ከላዩም ጻፈች፦ "የምትጠጪው ከየት ነው?"
ከወንዝ። ከኩሬ። ከወንዝ።
ከጎረቤት እንስራ፣ ሲሰጡኝ።
ከወንዝ።

ከአውራጃ የመጣው ተቆጣጣሪ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
"ይህ ዓምድ ፎርሙ ላይ የለም" አለን፣ ገጹን በጣቱ ነጥሎ።
"ደግሞ ባሕሩን ልታክሙ ነው እንዴ?"
እውነት ለመናገር፣ መልስ አልነበረንም።
ጓንት በቆጠራ ነው፤ ለሁለት እናት አንድ አልጋ ነው።
አንጁማን፣ የቀን ተረኛዋ፣ እንዲያውም ሳቀችብን፦
"የአየር ንብረት ብሎ ነገር የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የለም፤
አውሎ ነፋስ ቤቴን ሁለቴ ወስዷል፣ ደግሞ በሥራ ሰዓቴም?"
አልፈረድኩባትም።

እሷው ናት ግን፣ ክረምቱ ሲቃረብ፣ መሰላል ተውሳ
ቆርቆሮው ላይ የወጣች፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሰብስባ፤
አሸንዳውን በምን አሰረችው? በአሮጌ የጉሉኮስ ቱቦ።
ከሥሩ ጥቁር ታንከር አቆምን።
ለነፍሰ ጡር ሁለት ሊትር በቀን። በፊርማ።

አሁን ዝናብ ከተወን አምስት ወሩ።
ጠዋት ጠዋት ታንከሩን በጣቴ አንኳኳለሁ፣
እንደ ሕመምተኛ ደረት፤
ከላይ ባዶ፣ ከመሃል ባዶ፣ ከወገቡ በታች ነው የሚመልሰው።
ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል።

ትናንት፣ ሰልፉ ሲያልቅ፣ ሸፋሊ ክንዴን ያዘች።
"አንቺስ?"
"እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ነርስ አይደለሁ?"
ጨርቁን ጠቀለለች፣ ነፋች፣ ቀስ ብላ ለቀቀች፤
ቁጥሩን አልነገረችኝም።
መዝገቡን ስባ ስሜን ጻፈች። ዕድሜ፣ አርባ ሁለት።
አዲሱ ዓምድ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ፣
ቀና ብላ አየችኝ።

ቤቴ የት እንደሆነ ታውቃለች።
ከግድቡ ማዶ፣ ወንዙ ዳር።