አልቦ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ በነሱ ሦስት ሲሆን፣
ሚዛን ፊት ነኝ እኔ፣ ልመዝን ዓሣውን።
የኒውሊን ገበያ በረዶ ይሸታል፣
ከደጅ የናፍጣ ጢስ፣ የጨው ጉም ይገባል።
ጓንቴን ደርቤያለሁ፣ ጣቴ ግን ደንዝዟል፣
እስክሪብቶው እንኳን ብርድ ብርድ ብሎታል።

አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ለባሕር ቃል ይሰስታል፤
ቆሮሶውን፣ አምባዛውን በስሙ ከጠራ ወዲያ
«ዓሣ» ብሎ ያልፋል።
እዚህ ግን ስም ሕግ ነው፤ ኮድ ሌላ፣ ፖላክ ሌላ፤
አንዱን በአንዱ የጻፈ ይጠየቃል ኋላ።
ተማርኩ እንግዲህ፦
የታች መንጋጋው ከላይኛው ቀድሞ የወጣ፣
ዓይኑ ትልቅ፣ አገጩ ላይ ጢም ያጣ፣
በጎኑ ላይ እንደ ቅንድብ የጎበጠ መስመር፦
ፖላክ።
የዘንድሮ ኮታው ግድግዳው ላይ፣ በአራት ሚስማር፦
ዜሮ።

ከማዶ፣ ትልቁ መርከብ ላይ፣ ኤቦ ሻይ ያፈላል፤
የጋና ልጅ ነው፤ ቪዛው የባሕር፣ የብስ ማደር ይከለክላል።
ዘጠኝ ወር እዚህ ወደብ ገመድ ሲያስር ሲፈታ
ከተማውን የሚያውቀው በመስኮት ነው፣ ማታ ማታ።
እጁን ያነሳልኛል፤ አነሳለታለሁ።
ወደ ሚዛኔ እመለሳለሁ።

ዴንዚል መጣ። ጀልባው አሥር ሜትር አትሞላም፤
በእጅ መንጠቆ ነው የሚያጠምደው፣ መረብ ከተወ ቆየ፤ ዛሬም
ሦስት ሣጥን ማኬሬል አወረደ። አራተኛው ባዶ ነበር።
«ይኸን ለምን ተሸከምከው?»
«መዝነው» አለኝ። «ሠላሳ ስምንት ፖላክ ነበር።
ማኬሬል ፍለጋ ስወረውር መጣብኝ፤ መንጠቆ ስም አይመርጥም።
ከዚያ ጥልቀት የወጣ ዓሣ አንጀቱ በአፉ ይመጣል፣
ዓይኑ ይፈጣል፤
ሞቷል። ሕጉ ግን ‹መልስ› ይላል።
መለስኩ። የባሕር ወፍ በላው።
በል ንገረኝ፣ ማን አተረፈው?»

መልስ የለኝም። ዝም አልኩት።
እሱ ግን አልሄደም። በረዶውን በቡትስ ጫማው እየገፋ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሚዛኑ ይመስል፣ አወራ፦
«አባቴ በየካቲት፣ ዓሣው ዕንቁላል ሊጥል
ከሰመጠው መርከብ ጥግ ሲሰበሰብ፣
በላዩ መረብ ዘረጋ። አንድ ሌሊት፣ መቶ ሃያ ሣጥን።
ጀልባው ወገቡ እስኪጎብጥ! እየዘፈንን ገባን።
ልጅ ነበርኩ፤ እኔም ዘፈንኩ።
ገበያው ጠግቦ ዋጋው ወደቀ፤
ግማሹ ለማዳበሪያ ተፈጨ። በዓመቱ ያው። በዓመቱ ያው።
ደብተሩ ቤት አለ። ቁጥሩ በየዓመቱ ይከሳል፣
የእጅ ጽሑፉ ግን ያው ነው፤ የሚያምር፣ የማይቸኩል።»

ጥርሱን ነክሶ ሳቀ። አባት የበላው መራራ
የልጅን ጥርስ ሲያጠርስ ሰምቼ ነበር በቅዳሴ ስፍራ፤
አይቼው ግን አላውቅም ነበር፣ እንዲህ፣
በኒዮን መብራት ስር፣
የጎማ ሱሪ ለብሶ።

ቅጹ አንድ ሳጥን ብቻ አለው፦ «የወረደ ክብደት»።
የሞተ፣ የተመለሰ፣ ወፍ የበላው—የለበት ቤት።
0 ጻፍኩ።

በልጅነቴ ከወጥ ቤታችን ግድግዳ የተሰቀለው
የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ከ፩ ነበር የሚጀምረው፤
፲ አለው፣ ፻ አለው፤ ለምንም ግን ምልክት የለውም፤
ግዕዝ የሌለን ነገር በቁጥር አይጽፍም።
«አልቦ» እንላለን እንጂ፤ እሱም ቃል ነው፣
የለም ማለት ነው፤ ቁጥር አይደለም።

ከዜሮው ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ ቀስ ብዬ፣ ደቂቅ አድርጌ
፴፰
ብዬ ጻፍኩ። ሎንዶን ያሉት የሚያነቡት አይመስለኝም።

ዴንዚል አንገቱን አስግጎ አየው። «ምንድን ነው?»
«ዓሣ» አልኩት።

ምንም አላለኝም። ባዶውን ሣጥን ወደ ቧንቧው ወሰደው፣
ቱቦውን ከፍቶ፣ ማዕዘን ማዕዘኑን፣ ደጋግሞ አጠበው፤
ዓሣ እንደነበረበት።