ደመና በሌለበት

ሰባተኛው ፓምፕ ጨዋማውን ውኃ ከባሕሩ ይስባል፤
ሌት የለ ቀን የለ፣ ወደ ኩሬው ያስገባል።
እኔ ፈንቴ ነኝ፤ ቤቴ ዲሞና ነው፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሌሊቱን ያነጋሁት
ሰዶም ዳር፣ ከዚህ ብረት ጋራ ነው።

ጌናዲ ጡረታ ወጥቶ ሲሰናበት
አንድ ካቻቢቴ አስጨበጠኝ፣ እጀታው የተላጠበት፦
«ጫፉን ከኩሽኔታው፣ እጀታውን ከጆሮህ፤
እንደ ሰው አይደለም ብረት፣ ሕመሙን አይደብቅህ።»

ከዚያ ደመና መጣ።
ዝናብ ያዘለ እንዳይመስላችሁ፤ እዚህ ሰማይ ጠብ አይልም፤
የኩባንያ ደመና ነው፣ በሽቦ እንጂ በነፋስ አይመጣም።
ፓምፑ እዚህ ሲያስነጥስ፣ «ይማርህ» ባዩ ባሕር ማዶ፤
ወሬው ሄዶ፣ ተመዝኖ፣ መልሱ እስኪመጣ ወርዶ
ኩሽኔታው ይጠብቀናል፣ እንደ ከሰል ነዶ።
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።
አለቃችን ዝቪካ «ትዕግሥት» ይላል፤ እሱ ምን ቸገረው።

ያርዴና የመጣች ለት፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሣጥን ታቅፋ፣
በአራት ብሎን አሰረችው፣ ከፓምፑ ትከሻ ለጥፋ።
«ይሄኛው ደመና አይጠይቅም» አለች፣ «ዳር ሆኖ ነው የሚያስበው፤
እዚሁ ሰምቶ እዚሁ ይፈርዳል፤ ሩቅ የሚልከው ወሬ ትንሽ ነው።»
ሳቅሁ። አባቴም ይል ነበር፦ የደጃፍ ጠብ
ጎንደር ድረስ ካልሄደ፣ ግማሹ እርቅ ነው።

«ግን» አለች፣ «ጆሮ አለው፣ ቋንቋ የለውም፤ አስተምረው።
ሲያመው ምን ይላል?»
አፌን ከፈትሁ፤ ዘጋሁ።
ያለኝ ዕብራይስጥ የክሊኒክ ነው፣ የባንክ፣ የደሞዝ ወረቀት፤
የብረት ሕመም ስም አልተማርሁበት።
«እንግዲያ በአማርኛ» አለችኝ፣ በተሰባበረው የእናቷ ቃል፤
ሦስት ሌሊት ሙሉ፣ እኔ ስል እሷ ስትጽፍ፦

ዘይት ሲያንሰው፣ ያቃስታል።
ጓርኒሲዮኑ ሲላላ፣ ያፏጫል።
አየር ሲውጥ፣ ያጉረመርማል።
ኩሽኔታው ሊበላ ሲል፣ ጥርሱን ያፋጫል።
«ይሄስ?» አለች፣ ሊነጋጋ ሲል
ብረቱ ድንገት ተንዘፍዝፎ ዝም ሲል።
«እሱ በሽታ አይደለም፤ ባንኖ ነው።
ሰውስ አይባንንም?»
እሱንም ጻፈችው።

በጥር፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል፣ ላይ አራድ ዘንቦ፣
ጎርፍ በሸለቆው ወረደ፣ ድንጋዩን ሰብስቦ።
ደመናውን ሳናይ ጎርፉን አየነው።
መንገዱ ተዘጋ፤ ገመዱ ተበጠሰ፤
ያኛውም ደመና ጠፋ፤ ስክሪኑ ሁሉ አመድ ለበሰ።
ዝቪካ ስልኩን ወደ ጣሪያው ያነሳል፣ ያወርዳል።

ሰባተኛው ፓምፕ ፍጥነቱን ቀነሰ፤
ቀስ፣ ቀስ፣ ሽማግሌ ደረጃ እንደሚወርድ፤ ቆመ።
ማንም አላዘዘው።
በሣጥኑ ትንሽ መስኮት፣ በፊደላችን፣ ሁለት ቃል፦
ጥርሱን አፋጨ።
«ፈንቴ! ምን ይላል?» አለ ዝቪካ።
በሃያ ስድስት ዓመት
አንብብልኝ ያለኝ ያን ሌሊት።

ፈታነው። ኩሽኔታው ገና አልተበላም፤
ጠርዙ ላይ ግን ጭረት አለ፣ ጥፍር እንደቧጠጠው፤ ሌሊቱን አይዘልቅም ነበር።
«አንተ አልሰማኸውም?» አለኝ።
«ጎርፉ ነው» አልሁት፣ «የጎርፉ ድምፅ።»

ጎርፉ አልነበረም።
ግራ ጆሮዬ ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው፤
ቀኙም እየተከተለው ነው፤
ለክሊኒኩም ለሚስቴም አልነገርሁም።
ካቻቢቴውን ከጆሮዬ የምደግነው ለልማድ ነው፣ ለሰው ዐይን ነው።
ብረቱ አልደበቀም።
ደባቂው ሌላ ነው።

አሁን ፈረቃ ስይዝ አስቀድሜ ሣጥኑ ጋ እሄዳለሁ፤
ያልሰማሁትን፣ ራሴ በሰጠሁት ቃል አነብባለሁ፦
አቃሰተ። ዘይት ይጨመር።
አፏጨ። ይጥበቅ።
ደግሞ በየሌሊቱ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አንድ መስመር፦
ባነነ። እርምጃ የለም።